የእናትሽ ማድ ቤት ክዳን

ዘመሮ፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.
ለልጄ ለእፀገነት ወልደ ጻድቅ
አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። በጎቹም ደኅና ናቸው፤ ገብሱን ግን ዘንድሮ ውርጭ መታው። ይህን በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ስደውልልሽ «አባባ፣ ትንሽ እኮ ነው የቆረጥነው፤ ጥላሸቱ ለአዳራሽ አያምርም፤ ደግሞ መልሶ ይበቅላል» ካልሽኝ ወዲህ ስልኩን ሳነሳ ቃል ያጥረኛል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ያላወቅሽው ነገር አለና እወቂው።

ኅዳር ላይ ተማሪዎችሽን ይዘሽ ስትመጪ ደስታዬን አይተሻል። እሳት ዳር ተቀምጠን የምታስተምሪውን ስታስረጂኝ፣ «ዲዛይን ማሳመር ብቻ አይደለም አባባ፤ የምንሠራው ቤትም ሆነ ወንበር ምድርን ካገኘናት የተሻለች አድርጎ መተው አለበት» አልሽ። ትምህርቴ ጥቂት ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። አዳምም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት ነው አልኩሽ፤ ለተማሪዎችሽ ደግመሽ ነገርሻቸው። ያን ቀን ኮራሁ፤ መኩራቴንም በልቤ ታዘብኩት።

በጋራ የምንጠብቀውን የሣር መሬት፣ ጓሳውን፣ ልታሳዪያቸው የፈለግሽ ጊዜ የጓሳው አለቃ አያ ተገኘ ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ «ሣሩ ገና ዝግ ነው። ለማየት ከሆነ ይግቡ፤ ማጭድ ግን አይከተላቸው። ዋሱ ማን ነው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። አጠገቤ ቆመሽ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ሠርታችሁ ለምታሳዩት ጎጆ ሣር እንዳታጡም የእናትሽን ማድ ቤት ክዳን አፍርሳችሁ ውሰዱ አልኩ። አንቺም ያንን ጥላሸት የጠጣ ሣር አቅፈሽ፣ «ይኼ የእማማ ጭስ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም አለቀስኩ።

በሄዳችሁበት ጠዋት ማጭዴን በሩ ላይ እንደተሰካ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ጤዛ መሰለኝ። መኪናው ሸራ ለብሶ ነበር፤ ከሸራው ሥር ያለው የእናትሽ የጥሩሸዋ ክዳን መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የጓሳው ጠባቂዎች ዳገቱ ሥር የታጨደ ቦታ አገኙ። ሣሩ ዘሩን ሳያራግፍ ነው የተቆረጠው። ጎረቤታችን ጌጡ ያን ሰሞን ጎጆውን ከድኖ ነበርና ሰው ሁሉ እሱን ጠረጠረ። «ካለፈው መክፈቻ ያስቀመጥኩት ነው» ቢል ማን ይስማው? ጠላ ቤት ሲገባ «የጓሳ ፍልፈል መጣ!» እያሉ ይስቁበት ጀመር። እሱም አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ የእርስዎ እንግዶችስ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ፣ «የልጄ እጅ ያን ሣር አልነካም» ብዬ በሚካኤል ስም ማልኩ። ጌጡ አንገቱን ደፋ። ጓሳው ሲከፈት ድርሻ እንዳይኖረው ተፈረደበት።

ገና ሲቃረብ አንዲት በግ ጠፍታኝ ከመንገዱ በታች ወዳለው ገደል ወረድኩ። የእናትሽ ክዳን እዚያ ተጥሏል። ቆሜ ሳየው ለራሴ እንኳ ምክንያት ፈለግሁልሽ፤ ከመኪናው ወድቆ ይሆናል አልኩ። ለገና ግን ጓደኛሽ ጽናት፣ የመሐል ሜዳዋ አስተማሪ፣ መጥታ የአዳራሹን ሥራችሁን በስልኳ አሳየችኝ። «ልጅዎ ስንቱን አስጨበጨበች!» አለችኝ ደስ ብሏት። በተሠራው ጎጆ ደጃፍ «ከምድር የወሰድነውን ለምድር እንመልስ» የሚል ተጽፏል። እኔ የማየው ክዳኑን ነበር። ሣሩ አዲስ ነው፤ ዘሩም ጫፉ ላይ አለ። የደወልኩልሽ ያኔ ነው።

ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያቃጠለኝ የጓሳው ነገር ነው ወይስ ስሜ? አንዳንድ ቀን በጌጡ ላይ ከደረሰው በደል ይልቅ የተጣለው ክዳን ይብስብኛል፤ በዚህም አፍራለሁ። ለንስሐ አባቴ ለአባ አትናቴዎስ ነገርኳቸው። «መሐላውን በማልክበት ቦታ አፍርሰው» አሉኝ።

እሑድ፣ በሥላሴ ዕለት፣ እዚያው በር ላይ ቆምኩ። «የቆረጠችው ልጄ ናት። ጌጡ ንጹሕ ነው» አልኩ። ጌጡ ቀርቦ ክንዴን ያዘና፣ «ጋሼ፣ እኔስ መናቅን ለምጄዋለሁ፤ እርስዎ እንዴት ይችሉታል?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድርሻው ተመለሰለት፤ የእኔ ተወሰደ። አያ ተገኘም፣ «ልጅቱ ትምጣ፤ የቆረጠችበትን ቦታ ቆማ ትየው» አሉ።

ነይ እንግዲህ። ተማሪዎችሽንም አምጫቸው፤ ያጨበጨቡላቸው ለምን እንደሆነ ይወቁ። ጌጡንም ዓይኑን እያየሽ አነጋግሪው።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ምያለሁና ሁለተኛ አልደግመውም። ገና አልደረስኩበትም። መንገዱን ግን አያለሁ፤ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ወጥቼ አያለሁ።

ከገደሉ ካወጣሁት ክዳን ግማሹ በስብሷል፤ የተረፈውን ከጎተራው ሥር ከምሬልሻለሁ። እሳት የማነደው አሁን አልጋዬ አጠገብ ነው።

የእናትሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እጅሽንም ለመልካም ሥራ ያጽናልሽ።

አባትሽ ወልደ ጻድቅ

ስትመጪ ወፍራም ልብስ ያዢ፤ ማድ ቤቱ ክዳን የለውም።