የታሰረው ክንዴና የሰኞ ፈተናሽ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለያኔት፣ ጅማ።

ጥይት አልመታኝም። ጎረቤታችን ደጊቱ በስልክ ተመታች ብላ ያስለቀሰችሽ ሳታጣራ ነው፤ ኔትወርኩም ወዲያው ስለጠፋ ላስተባብል አልቻልኩም። አስፋልቱ ላይ የተደረደረውን ድንጋይ ስሻገር ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሯል፤ እውነቱ ይኸው ነው። ፊደሌ የተንጋደደው በግራዬ ስለምጽፍ ነው። የድሮ መምህሬ ቢያዩት በአለንጋ ያቀኑልኝ ነበር።

አንቺስ እንዴት ሰንብተሻል? እህል ይበላልሻል? የአዳር ተረኝነቱ እንቅልፍ ይሰጥሻል?

እዚህ በተቃውሞው ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ አምስተኛ ቀናችን ነው። ሚኒባስ የለም፤ ጤና ጣቢያው ራጅ የለውም፤ ራጅ ወዳለበት አስኮ ድረስ በእግር ለመሄድ ጉልበቴ እምቢ አለ። ስለዚህ ወጌሻውን ኦቦ ነገሳን አስጠራሁ። በቀርከሃ ጠፍንገው አሰሩኝ። በማግስቱ ጣቶቼ አብጠው ቀዘቀዙ። አንደኛ ዓመት ሬዚደንት ሳለሽ ለመስቀል መጥተሽ፣ ክንዱ ጠብቆ በመታሰሩ እጁ ስለተቆረጠ ሕፃን እያለቀስሽ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። ይፍቱልኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን፣ አዮ እናቴ፣ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያስሩት፤ ሐኪሟ ልጅዎ እስክትመጣ ይታገሡ ብለው ተቆጡ። መጥታለች፣ በእኔ አፍ እየተናገረች ነው አልኳቸው። እያጉረመረሙ ማሰሪያውን አላሉት።

ፈተናዬን ትቼ እመጣለሁ ማለትሽን ደጊቱ ነግራኛለች። እንዳታደርጊው። የጅማው መንገድ ተጂ ላይም ሰበታ ላይም ተዘግቷል፤ መሐል ላይ ቀርተሽ ፈተናውንም እኔንም ታጫለሽ። ሰፈሩ ስፔሻሊስት እያለ ሲጠራሽ አርማለሁ፤ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነው፣ ሁለት ዓመት ይቀራታል እላለሁ። ሰኞ ካልተፈተንሽ ሦስት ይሆናል፤ እኔም ሦስቱን ቆሜ እቆጥራለሁ ብዬ አልምልም። እኔን መንገዱ፣ አንቺን ፈተናው አስሮ እንደያዘን አውቃለሁ። ቢሆንም ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ካለንበት ወደፊት እንራመድ።

ደብዳቤውን ተከራያችን ሶያማ በእግሯ አዲስ አበባ ወስዳ በአውሮፕላን ወደ ጅማ ለሚመጣ ሰው ትሰጥልኛለች። አብራሽ የምትኖረውን ፀሐይን ሳሚልኝ። አክስትሽ ጂጂ ናፍቆቷ በርትቶባታል። ደጊቱም አፍራ ሰላም ብላሻለች።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የጣቶቼን ጥፍር አንድ በአንድ ተጭኜ አያለሁ። ቅላታቸው ቶሎ ከተመለሰ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን እበላለሁ። ካልተመለሰ ማሰሪያውን በመቀስ እቆርጣለሁ፤ ምርኩዜን ይዤ፣ እየተቀመጥኩ እየተነሳሁ አስኮ እሄዳለሁ። አንቺን አልጠራሽም።

አያትሽ አረጋሽ
ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.