ቅዱሳን የተዉለት ቀን

ውቢትዬ፣ ከብርዳሙ ጎንደር እንደምን አለሽ!

ቃለ ጉባኤ ልይዝ መጥቼ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ሰፈር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጫለሁ። እኛ ጋ አዳማ ስብሰባ የሚበዛው ሙቀቱ ሥራ ስለማያሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብርድ አገርም ያው ነው። ርዕሱ «የኢኮኖሚ እድገት ማነቆዎች» ይባላል። ባለሙያው ረፋዱን ሙሉ ገበሬው በዓል ያበዛል እያለ ሲወቅስ፣ አያ ፋንታሁን የሚባሉ የዳባት ገበሬ ተነሡ።

«ምነው ጌታዬ! ገብሴ አውድማ ላይ ተከምሮ በዚህ ወር ስትጠሩኝ ሦስተኛችሁ ነው። ቅዱሳን የተዉልኝን ቀን እናንተ ወሰዳችሁት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ባለሙያውም «ግሩም ሐሳብ ነው» ብሎ፣ ሐሳቡን የሚያጠና ሌላ ስብሰባ ለፊታችን ማክሰኞ ጠራ። ወዲያው ግን ደንገጥ አለና፣ «ለካ ሚካኤል ነው፤ የጽዋ ማኅበር አለብኝ። በዋዜማው፣ ሰኞ ይሁን» አለ።

አያ ፋንታሁን አጠገቤ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ገብሴን ልወቃ ያሰብኩት ሰኞ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ለእማማ አስካለ ሰላም በይልኝ፤ ላንቺ ሸጋ ነጠላ ገዝቻለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሰኞው ስብሰባ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ያንቺው ነቢያት