እጅጌ የሌለው ቀይ ቀሚስ

ውድ ኔቬና፣

ደስታዬን የት ላድርሰው! በቆዳዋ መላላጥ አፍራ፣ እዚያ መንደራችን በሐሩር እንኳ ረጅም እጅጌ የማታወልቀው እህቴ ስታንካ፣ ዛሬ እጅጌ የሌለው ቀይ ቀሚስ ለብሳ ቡርጋስ ከተማ ገበያ ወጣች።

ለዚህ ያበቃን ለቆዳ ፈውስ ነው ተብሎ የመጣንበት፣ እዚህ ከተማው ዳር ያለው የጨው ሐይቅ ጥቁር ጭቃ ነው። ስታንካ መጀመሪያ ተሳቅቃ ዳር ቀረች። ጭቃ የተለቀለቁ አንዲት ባልቴት፣ «ልጄ፣ እዚህ ሁላችንም ጎሽ መስለናል፤ ማን ማንን ያያል?» ብለው አንድ እፍኝ ትከሻዋ ላይ ለጠፉባት። ስቃ ገባች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ተቀብተን፣ ፀሐይ ሞቀን፣ በጨው ውሃው እንታጠባለን። ማሳከኩ ረገበላት፤ እንቅልፏም ተመለሰ።

ገበያ ላይ ዓሣ ሻጩ ቢያፈጥባት፣ «እኔን ትተህ ዓሣውን መዝን!» አለችው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠበበኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ስታንካ ስንመለስ ለመንደራችን በዓል «ጭፈራውን የምመራው እኔ ነኝ» ብላለች፤ ለመንደሩ ሁሉ ንገሪልኝ!

ዝላትካ