ስለ ልጄ የውሰት ጫማ

ለክቡር ኦቦ ዲንሳ
የ«ነገ የእኛ» የተማሪዎች ድጋፍ ማኅበር መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አምቦ

ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ ለተማሪዎች ምርጫ ከተማችን ጌዶ በዋላችሁባት በዚያች አንዲት ቀን ብርዱ እንዳልጎዳችሁ፣ በተለይም ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ኑሮውን የሚያውቁት ዓይኖችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ገቢሳ ዱጋሳ እባላለሁ፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነኝ። ልጄ ጊፍቲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፋ ጅግጅጋ ተመድባለች። ምግቡንና መኝታውን መንግሥት በወጪ መጋራት ስለሚያበድራት፣ ከእናንተ የጠየቅነው ለመጓጓዣ፣ ለብርድ ልብስና ለኪስ የሚሆነውን፣ ግማሹ ስጦታ ግማሹ ሥራ ስትይዝ የምትመልሰው ብድር የሆነውን ገንዘብ ብቻ ነበር። ትናንት በተለጠፈው ዝርዝር በስሟ ትይዩ «ከአለባበሷ ችግረኛ አትመስልም» የሚል ስላነበብኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ግልባጩንም ከዝርዝሩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

1. ኮሚቴው በቃለ መጠይቁ ቀን ያደነቀው ጥቁር ጫማ የጎረቤታችን የናኦሚ ነው። ናኦሚ የቢሮ ጸሐፊ ስትሆን፣ በዚያ ቀን በነጠላ ጫማ ሥራ ገብታ ውላለች። ጫማው ለልጄ በአንድ ቁጥር ስለሚያንሳት፣ ፊታችሁ ቀጥ ብላ የቆመችው ኩራት ይዟት ሳይሆን ጣቶቿ ተጨፍልቀው ነው።

2. ጃኬቱ የነርሷ የጣቢታ፣ ሰዓቱ የልጄ አክስት የወርቅቱ ነው። ሰዓቱ ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ ከእናንተ አንዱ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ይታወቅ ነበር። እኛ «ቢሮ የሚገባ ሰው ቢሮውን አክብሮ ይለብሳል» እየተባልን ያደግን ነን፤ አክብሮታችን እንደ ሀብት እንደሚቆጠርብን የነገረን ሰው አልነበረም። ሁሉንም በዚያው ቀን መልሰናል።

3. ቀበሌው ድህነታችንን መስክሮ ማኅተም የመታበትን ደብዳቤ አያይዘን ነበር። ሦስት ቀን ደጅ የጠናሁበት ወረቀት ስለሆነ፣ ቢያንስ ቢነበብልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

4. የኦቦ ጃርሶ ልጅ ቶኩማ «ክርኑ በጆንያ የተጣፈ ካፖርት ለብሶ የቀረበ፣ እጅግ ችግረኛ» ተብሎ አንደኛ መውጣቱን አንብቤያለሁ። አባቱ ሁለት አይሱዙና አንድ ወፍጮ ቤት አላቸው። ወፍጮ ቤቱ ቃለ መጠይቁ ከተካሄደበት አዳራሽ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ድምፁ ረብሿችሁ ከነበረ በጌዶ ሕዝብ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምስተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ክቡር ሆይ፣ ምዝገባው ኅዳር 8 እና 9 ብቻ ነው፤ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የቀረ ተማሪ ቦታውን ያጣል ተብሏል። ከትምህርት ቤታቸው ያለፉት አራት ልጆች ናቸው፤ አንዷ የእኔ ናት። ጊፍቲ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ትናንት ዝርዝሩን አይታ ስትመለስ ደብተሮቿን ሰብስባ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። የምበደረው ሰው ሁሉ እንደ እኔው ነው። ጨንቆኛል፤ ከዚህ በላይ መቀለድ አልቻልኩም። እባክዎ እንደገና ይዩዋት። በፕላስቲክ ጫማዋ አመጣታለሁ፤ እሱም ከበዛ በባዶ እግሯ።

ድሃ ድሃ መምሰል እንዳለበት ስላስተማራችሁን ውለታችሁን እያሰብኩ፣ መልስዎን ቆሜ የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ
ገቢሳ ዱጋሳ

ማስታወሻ፦ ቶኩማ ለብሶት የቀረበው ካፖርት የእኔ የዘበኝነት ካፖርት ነው። በዋዜማው ለቤተ ክርስቲያን ድራማ ነው ብሎ ሲለምነኝ ከላዬ አውልቄ ሰጠሁት፤ ድራማው ይህን ያህል ይዋጣለታል ብዬ ግን አልገመትኩም። እስካሁን አልመለሰልኝም። ኮሚቴው መርምሮ እጅግ ችግረኛ ሆኖ ያገኘው ካፖርቱን ከሆነ፣ ባለቤቱ እኔ መሆኔንና ጅግጅጋ የተመደበች ልጅ እንዳለችኝ በትሕትና አሳስባለሁ።