ሃምሳ ስምንትን ሰባ አምስት ላላደረግሁበት ጥፋት

ለተከበሩ አቶ ቨርሊን ስትራውድ
የትምህርት ቤታችን የቤዝቦል ደጋፊዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ሄዝል ፎርክ፣ ኔብራስካ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉሮሮዎ ከየጨዋታው ጩኸት አገግሞ፣ የደም ግፊትዎም ወርዶ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ያሰባሰቡብኝን መቶ አሥራ ሁለት የአቤቱታ ፊርማ ተሸክሜም ደኅና ነኝ።

ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. በመጋቢት ወር፣ ለኳስ ወርዋሪያችን ለትሬንት ኩሳክ በኬሚስትሪ ሃምሳ ስምንት በሰጠሁ ማግስት፣ ባርኔጣዎን እንኳ ሳያወልቁ ክፍሌ ድረስ ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ። ተማሪዎቼ ፊት «ልጁ በሰዓት ዘጠና ማይል ይወረውራል፤ ኬሚስትሪ ምን ሊያደርግለት ነው? ሰባ አምስት አድርጊውና እንገላገል» ብለው የሰጡኝን ትምህርት በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ከማንም አላገኘሁትም።

፪. እምቢ ባልኩ ጊዜ «የከተማዋ ጠላት» የሚል ማዕረግ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል፤ ወረፋ መጠበቅ ቀርቶልኛል።

፫. ይህኛውን ውለታ የዋሉልኝ ሳያውቁት ነው። ትሬንት ጩኸትዎን ሰምቶ ኖሮ ብቻውን መጣ። ሌላው ትምህርቱ ደኅና ነበር፤ ወደ ኋላ የጎተተው የእኔው ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለኝ። «ደደብስ አይደለህም፤ ሰነፍ ነህ። እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው፤ ቁጭ በል» አልኩት። ስድስት ሳምንት የምሳ ሰዓቱን እየተወ አጠና። አንድ ቀን ተናዶ እርሳሱን ወርውሮ ወጣ፤ አወራወሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ያማረ ነበር። በማግስቱ ተመለሰ። በመጨረሻው ፈተና ሰማንያ አንድ ሲያመጣ፣ ፊቴን እንዳያይብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በግንቦት ለቡድኑ ተጫዋች የሚፈልግ የአንድ ኮሌጅ መልማይ መጣ። እርስዎ ስለ ልጁ ክንድ ሲሰብኩለት ጥቂት ሰማና፣ ተነሥቶ ውጤቱን ሊጠይቅ ወደ እኔ መጣ። «እንዲህ የሚወረውሩ አርባ ልጆች መዝገቤ ላይ አሉ» አለኝ። «ለቡድኑ የተመደበልን ገንዘብ የአንዱን እንኳ ሙሉ ወጪ አይችልም፤ ቀሪውን የሚሸፍነው የትምህርት ውጤት የሚያስገኘው የኮሌጁ ድጎማ ነው። ወድቆ መነሣት የሚያውቅ ልጅ ደግሞ በአንደኛው ዓመት ጥሎን አይሄድም።» ትሬንት በዚያው ሳምንት ለኮሌጁ ፈረመ።

ለዚህም ድል በከተማችን ጋዜጣ ራስዎን ስላመሰገኑ ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ማን ያስብልዎታል?

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣ ሠላሳ አንድ የፈተና ወረቀት የሚጠብቃት፣
መምህርት ማርሊስ ኦቨርጋርድ

ማስታወሻ፦ የሴቶቹ ቡድን ኳስ ተቀባይ ጆሊን ፕራት በሁሉም ትምህርት ከዘጠና አምስት በላይ አላት፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ኮሌጆች ጠርተዋታል። ጆሊን ማን ናት ብለው ሰው በመጠየቅ አይድከሙ፤ ከአጥርዎ ማዶ የምትኖረው ጎረቤትዎ ናት።