ሁለቴ ጠይቁን

ጅቡቲ፣ ባልባላ፤ መጋቢት 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየውብዳር፦ ናፍቆቴን መድኃኔዓለም ያውቀዋል፤ እንዴት ከርመሻል?

የሰፈራችን ክሊኒክ በሽተኞችንና ቤተሰቦችን ሰብስቦ «ምን እናሻሽል?» አለን። እኔም ተነስቼ፣ «ሐበሻ እያመመው ለሐኪም 'ተመስገን፣ ደህና ነኝ' ይላል። ባለቤቴም እንዲያ እያለች ነው ያመለጠችን። ሁለቴ ጠይቁን» አልኩ። ነርሷ ራህመት ሳቀችና «እሺ አባባ፣ ከእርስዎ እጀምራለኋ!» አለች።

ማክሰኞ ሄጄ «ደህና ነኝ» አልኳት።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ደህና ነዎት?»

ቀበቶዬን ማጥበቅ ጀመርኩ። እሷም አይታ ብዙ ጻፈች።

ጾሙ ነው መሰለኝ ቀበቶዬ ሰፍቶኛል፤ ስታዪኝ አትደንግጪ። ከፋሲካ በኋላ ላለው ስብሰባ ራህመት «ቤተሰብ ይዘው ይምጡ» ስትለኝ፣ ሳላማክርሽ ያንቺን ስም አስመዘገብኩ። ይቅር በዪኝ።

እመብርሃን በዓይነ ሥጋ ታገናኘን።

አባትሽ ገብረኪዳን