የልደቱ ዳቦና የአባባ ግዝት

ቁሐር ሚካኤል፣ ጥር 2 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ አሥመራ ላለው ወንድም ዓለሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያቺ ልብህን የወሰደችው ንግሥቲስ እንዴት ናት? እኛን ከጠየቅህ፣ ሰዉም ከብቱም ሚካኤል ይመስገን ደህና ነው። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ሽምብራው እሸት ይዟል። እማማ ወገቤን ወገቤን ትላለች፤ ጋን ስታነሣ ያየ ሰው ግን አያምናትም። እኔ ወፍሬአለሁ። ማረው «ሰው በጾም ይከሳል፤ የኔ ሚስት በምን ጥበብ ነው የምትወፍር?» እያለ ሲያበሽቀኝ ከረመ። ባል እንዲህ ነው፤ አንተም አሁን ባል ልትሆን ነውና ከወዲሁ አፍህን ግታ።

ኅዳር ላይ በላክኸው ደብዳቤ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ለቅበላ ንግሥቲን ይዣት ልምጣ ወይ? አባባ ከደጅ ይመልሱኝ ይሆን? እሷ ፊት ከምዋረድ መቅረት ይሻለኛልና እውነቱን ጻፊልኝ» ብለኸኛል። እውነቱን እጽፍልሃለሁ። እዚህ ላይ ግን አታገኘውም። አምስት ዓመት ያስጠበቀን ሰው አንድ ደብዳቤ እስኪያልቅ ቢታገሥ አይሞትም። ደግሞ ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ! ጠባይህን አውቀዋለሁ።

ግዝቱን ሰምተሃል። የአባባን ቅኔ ቤት ጥለህ በጭነት መኪና ረዳት ሆነህ የሄድህ ሰሞን፣ አባባ ደጃፉ ላይ ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ የዚያን ልጅ ስም የጠራ በሚካኤል ግዝት ይሁን!» አሉ። ቄስ የገዘተውን ማን ይደፍራል? እንዴት አድርገን እንደኖርንበት ግን ጽፌልህ አላውቅም። እማማ «ያ ርቆ ያለው» ትልሃለች። ማረው «ሾፌሩ» ይልሃል። እኔ «እሱ» ብዬ አገጬን ወደ ሰሜን አነሣለሁ። አንድ ጊዜ እማማ ተሳስታ «አበ…» ብላ ጀምራ አባባን ስታያቸው «አበባው ዘንድሮ እንዴት አማረ» ብላ ጨረሰችው። ወሩ ግንቦት ነበር፤ በፎገራ ሜዳ ለመድኃኒት እንኳ አንድ አበባ አልነበረም። አባባ ቀና ብለው አዩአትና ዳዊታቸውን መድገም ቀጠሉ።

አሁን ልደትን ላውራህ፤ መልስህ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ጥጋብ ስለሆነ እማማ ለጠላው እጇን አልሰበሰበችም። ጋኑን በወይራ አጠነችው፤ ጌሾውን ራሷ ወቀጠችው፤ «የልጅ እጅ ያለሰልሰዋል» ብላ እኔን አላስነካችኝም። ሦስት ልጅ ወልጄ ዛሬም ልጅ ነኝ። ቤቱን ለቀለቅን፤ ማረው ከርብ ወንዝ ዳር ለምለም ቄጤማ አጭዶ በአህያ ጭኖ መጣና ወለሉን ሁሉ አለበሰው። ልጄ ገላነሽ ቄጤማው ላይ ስትንከባለል ዋለች። ለቅርጫው ከጎረቤት ጋር ሆነን ያን ቀንደ ረጅም ዳማ በሬ ጣልነው። ማረው መደቡን ሲደለድል፣ ሰው ሁሉ የራሱ መደብ ያነሰ ይመስለዋልና፣ ጭቅጭቁ ከበሬው ይከብድ ነበር። በኋላ አባባ መጥተው ዕጣ ሲያወጡ ሁሉም ጸጥ አለ። ለእኛ ጎድኑ ደረሰን። እማማ ጎድኑን አየችና «ይሄን የሚወድ ነበረኝ» አለች። እኔም ቢላዋ ፍለጋ መስዬ ወጣሁ።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን፣ ጧት ፈስከን፣ ትንሽ ጋደም ብለን፣ ከሰዓት በኋላ አገር ሁሉ ወደ ሜዳ ወጣ። መቼም የአገርህን የገና ጨዋታ አልረሳኸውም። ውኃው የሸሸበት ጥቁር አፈር ዘንድሮ ክፉኛ ተሰነጣጥቋል። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተከፍለው ጨዋታው ገና መሞቅ ሲጀምር፣ ማረው ራሱ ከወይራ ጉጥ የጠረበውን ጥንግ በዱላው ቢያጮለው ተንከባሎ ከአንድ ትልቅ ስንጥቅ ገባ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ዱላውን ጥሎ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን ስንጥቅ ውስጥ ሲከት ብታይ ሳቅ ይገድልህ ነበር። አንዱ «ጣና ደርሷል፤ ታንኳ ይምጣ!» እያለ ይጮኻል።

ጥንጉ እስኪገኝ ስድቡ ተጀመረ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ የዚያን ቀን ባላገሩ ጭቃ ሹሙን፣ ተማሪው መምህሩን፣ ሚስት ባሏን ብትሰድብ ጠያቂ የለም። አባባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሾላው ሥር ጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ማረው ተነሣና፣

«የኔታ ስብከት ሲጀምሩ የተወለደ ጥጃ፣ ሲጨርሱ በሬ ሆኖ ያርሳል!» አለ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባባ እንደምታውቃቸው መልስ አያጡም። መቋሚያቸውን ወደ እሱ ቀስረው፣

«አንተ ተኝተህ ስታንኮራፋ፣ ጥጃውን በየት በኩል አየኸው?» አሉት። ይባስ ተሳቀ። ማረውም እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

እኔ ያን ጊዜ ከሴቶቹ ጋር እያጨበጨብሁ ነበር። አስቤበት አይደለም። ያንተ ደብዳቤ ከኅዳር ጀምሮ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦብኝ፣ ለአባባ በምን አፌ ልንገራቸው እያልሁ ስጨነቅ ነው የከረምሁት። የአባባን ሳቅ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ግዝቱ የሚለው «በዚህ ቤት» ነው። ሜዳው ቤት አይደለም። ቀኑም የማይቆጡበት ቀን ነው። ይህ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን የለኝም። ወደ መሀል ገባሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«የፎገራ ሜዳ ለከብቱ ሲሰፋ፣
የኔታ ሆዳቸው በአበረ ከፋ!»

አልሁ።

ጭብጨባው ቆመ። ስንጥቁ አጠገብ የተኙት ሳይቀሩ ቀና አሉ። እማማ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «አፍሽን ምን አገኘው?» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ስምህን በሰው አፍ ከሰማች አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። መልስ ይጠበቃል፤ የቅኔ መምህር ተሰድቦ ሳይመልስ መቅረት እንኳን ለእሳቸው ለተማሪያቸውም ነውር ነው። አባባ መቋሚያቸውን በመሬቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉት። በመጨረሻ፣

«ጥንጉ ተገኘ ወይ?» አሉ።

ሌላ ምንም የለም። ጥንጉም ተገኘ፤ ጨዋታውም ቀጠለ፤ ታች ሰፈርም አሸነፈን። እኔ ግን ጨዋታውን አላየሁትም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዝምታቸውን «አይሆንም» ብዬ ተረጎምሁት፤ ላንተም ምን ብዬ እንደምጽፍ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

እንደምታውቀው በእኛ ቤት የልደት ድፎ የሚቆረሰው ከጨዋታው መልስ ነው። ተሰበሰብን። እማማ ድፎውን ኮባው እንዳለ አቅርባ ገለጠችው፤ አባባ ባረኩና ቢላዋውን ያዙ። ሁሉንም ቆርሰው ሰፌዱ ላይ ደረደሩት። ሳድል የኖርሁ ሴት ነኝና ዓይኔ ከእንጀራና ከዳቦ ላይ አይጠፋም፤ ቁራሹ ከእኛ በአንድ ይበልጣል። ለእንግዳ ይሆናል አልሁ። ከዚያ እንደ ዱሮው፣ መጀመሪያ እማማን ቀጥሎ እኔን፣ በየስማችን እየጠሩ ማደል ጀመሩ።

«እንኪ ወለተ ሐና። እንኪ ጥሩብርሃን። እንካ አበረ።»

ቁራሹ እጃቸው ላይ ቀረ። ገላነሽ ብቻ «አበረ ማነው?» አለች፤ ማረው አፏን በእጁ ሸፈነው። አባባ ቁራሹን ቀስ ብለው ሰፌዱ ላይ አስቀመጡት፤ ጥምጣማቸውን ፈተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«በገዛ ግዝቴ ተያዝሁ» አሉ። «እንግዲህ ሳልፈታ መቅደስ አልገባም። አንተ ማረው፣ ሂድና አባ አንለይን ጥራልኝ።»

አባ አንለይን አትረሳቸውም፤ ለአባባ ንስሐ አባታቸው ናቸው። ሥጋቸውን በልተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ሊተኙ ሲሉ ነው ማረው የደረሰባቸው። እያለከለኩ መጡ። አባባ ተንበርክከው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። አባ አንለይ ጢማቸውን እያሻሹ፣

«እፈታዎታለሁ የኔታ። ግን ቀኖና አለው» አሉ።

«ይዘዙኝ።»

«ልጅዎ የመጣ ጊዜ፣ ሰው ሳይልኩ፣ ራስዎ ወረታ መገንጠያው ድረስ ወጥተው ይቀበሉታል።»

አባባ ቀና አሉ። «ስግደት ይሁንልኝ» አሉ።

«ስግደት አላዘዝሁም።»

«መቶ ስግደት።»

«የኔታ፣ ገበያ አይደለንም።»

«ጾሙንም ልጨምር።»

«ሰው በልደት ጾም ይጨምራል? በሉ አባቴ፣ መገንጠያው ነው ያልሁት መገንጠያው ነው!»

አባባ አጎነበሱ። እማማ ከምሰሶው ተደግፋ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ለሚካኤል እየተሳለች እንደነበረ በኋላ ነግራኛለች። ከዚያ አባባ «እንግዲህ ቀኖና ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉ። አባ አንለይም በመስቀላቸው ባርከው ፈቱዋቸው። ወዲያው እማማ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ እየሮጠ መጣ። «አበረ! አበረ! አበሬ የኔ ጌታ!» እያለች ስምህን እንደ ዘፈን ታወጣዋለች። ያን ጊዜ እኔም አለቀስሁ፤ የማረውም ዓይን ጢስ ገባበት። እሳቱ ግን ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ወንድሜ አበረ፣ መልስህ ይኸው ነው። ና! ንግሥቲንም ይዘሃት ና። የቅበላ ሰኞ ወረታ ድረሱ።

ሰው ሁሉ «የኔታ አፋቸው አመለጣቸው፤ እርጅና ነው» ይላል። አባባም ሲጠየቁ «አመለጠኝ» ይላሉ። ሃያ ዓመት ጉባኤ ላይ ቆመው ቅኔ ሲዘርፉ አንድ ቃል ያልሳቱ ሰው ናቸው። ስምህ ከመጠራቱ በፊት ስለተቆረሰው ትርፍ ቁራሽ ለአባ አንለይ አልነገርሁም፤ ላንተ ብቻ ነው የጻፍሁት፤ አንተም ለማንም አታውራው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ መንግሥቴ ነጋዴው ነው። ከእማማ በርበሬና አንድ ቅል ቅቤ ይዟል፤ ቅቤው የንግሥቲ ነው፤ ጸጉሯን ትቀባ፤ አንተ እንዳትበላባት። እማማ «ምን ትወዳለች? ጓያ ትበላለች ወይ?» እያለች ታስጨንቀኛለችና የምትወደውን በመንግሥቴ በኩል ላክብኝ። አዲስ ጋንም ጠንስሳለች፤ ቅበላ ገና ወር ቀርቶት!

መንገዱን ሚካኤል ይጥረግልህ። መሪህን ይያዝልህ። ከመጥፎ ገደልና ከመጥፎ ጓደኛ ይሠውርህ። የምታመጣትንም ለእናታችን ደስታ፣ ለቤታችን በረከት ያድርጋት። አሜን።

የምትናፍቅህ እህትህ
ጥሩብርሃን ገብረ ሐና

ልብ በል፤ ደብዳቤውን ላሽገው ስል አባባ «ወረቀቱን ወዲህ በይው» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ጽሕፈት ነው፤ እኔን ዞር በይ ብለው ስለጻፉት አላየሁትም።

*ለልጄ ለአበረ። ወረታ የምወጣው ቀኖና ስለሆነብኝ ነው። በቅሎዋን ጭኜ አመጣለሁ፤ ለሙሽራይቱ ናት። እኔና አንተ ከኋላ በእግራችን እንከተላለን። መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን። አባትህ ገብረ ሐና።*